ባዶው መደርደሪያ

አናጢው አባት ልጁ ኮሌጅ ስትገባ የሠራላት መደርደሪያ ግድግዳውን ተጠግቶ ባዶውን ቆሟል። የኬሚስትሪው መጽሐፍ ዋጋው አይቀመስም፤ የቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቅጂም ሁልጊዜ ሰው እጅ ላይ ነው። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ስልኳ ላይ አጎንብሳ የቆየችው ልጅ ድንገት ቀና አለች።

"አባዬ፣ አገኘሁት! ሙሉውን፣ በነጻ!"

"በነጻ?" አለ መላጊያውን እንደያዘ። "ባለፈው ፈተና ጉድ የሠራሽም በነጻ ያነበብሽው አይደለም እንዴ?"

"ያንን ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም ነበር። ይሄን ያወጣው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጻፉትም ያረሙትም መምህራን ስማቸው ይኸው። ከአስተማሪያችን ማስታወሻ ጋር አመሳከርኩት፣ ልክ ነው።"

አባት ሊያይ ጎንበስ አለ። ጣቷን ወደ ላይ በገፋች ቁጥር ሌላ መጽሐፍ መጣ፤ የሕክምናው፣ የሒሳቡ፣ የሕጉ፣ የከዋክብቱ። ማለቂያ አልነበረውም።

"ኧረ በፈጠረሽ!" አለ፣ የተኛ ሰው እንዳለበት ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የዚህን ሁሉ አቧራ ማን ይጠርገዋል?"

ልጅቷ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት በሽርጡ ግራ ቀኝ ደጋግሞ ጠረገ። ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ የመሃሉን ጣውላ እፍ ብሎ ሰጋቱራውን አራገፈና ቀስ አድርጎ አቆመው። ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው።

"ልጄ" አለ፣ "ሞላ እኮ።"