«አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም» ብሎ የማለው ባሌ

«ማማ ሚዛን ነሽ?»

ስልኩ የባሌ ነው... ድምፁ ግን የባሌ አይደለም።

ሚዛን ልጄ ናት። ናይሮቢ ውስጥ እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው።

«ነኝ... አንተ ማን ነህ? ባንታየሁስ?»

ከኋላው የሆስፒታል ጫጫታ ይሰማል።

«ፖሌ ሳና፣ ማማ... ቶሎ ነይ።»

እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። «ፖሌ ሳና»፣ «በጣም አዝናለሁ» ማለት ነው፤ ለራስ ምታትም፣ ለጠፋ ስልክም ሲባል ሰምቻለሁ...

በዚያ ድምፅ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከሰፈራችን ከሳውዝ ሲ ተነስቼ ሆስፒታሉ እስክደርስ ባንታየሁ አልጠበቀኝም።

የደወለልኝም ሰው የለም። የባሌን ስልክና ጫማ ለነርሷ በአደራ ሰጥቶ ሄዷል።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንድ ኦቨን ነው።

እኔና ባንታየሁ ቤታችን ኬክና ዳቦ እየጋገርን ኪሊማኒ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እናስረክብ ነበር። አምና ከአውሮፓ የመጣ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ውድ ኦቨን ገዛን። የሁለት ዓመት ዋራንቲ አለው።

ባሌ «ሁለተኛዋ ሚስቴ» ይለዋል።

«ከእኔ በምን ትበልጣለች?» ስለው...

«እሷ ዋራንቲ አላት» ይለኛል።

በሦስተኛው ወር አልበራ አለ።

ሌላ ሰው ከከፈተው ዋራንቲው ይሰረዛል። ስለዚህ የሻጩን ድርጅት ፉንዲ መጠበቅ ነው። ጠጋኝ ማለት ነው። ኦኬሎ የሚባል ቀጭን ሰው መጣና ሠራው።

ከወር በኋላ ደግሞ ጠፋ። ኦኬሎ መጣ፣ ሠራው።

ደግሞ ጠፋ...

በሦስተኛው ኦኬሎ የመቆጣጠሪያውን ክዳን ፈታና ብዙ ቆየ።

«ባባ ሚዛን... ይኼን ዕቃ ውኃ ነክቶታል።»

«ማርያምን! አንድ ጠብታ አልነካውም! በደረቅ ጨርቅ የምወለውለው እኔ ራሴ ነኝ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?»

ባንታየሁ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ውኃ አስነክተሻል?»

«ኧረ እኔ አላስነካሁም!»

ከልቤ ነበር ያልኩት።

በማግስቱ ፓርክላንድስ ያለው ድርጅት ድረስ ሄዶ ከሰሰው። «ሥራውን የማይችል፣ ደንበኛ የሚሰድብ ሰው ነው የላካችሁብኝ» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

ከሳምንት በኋላ መልሱን ሊሰማ ሄደ... ሲወጣ በራቸው ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ።

ያ ነው ስልኩ የተደወለልኝ ቀን።

በሰልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ ኦኬሎ በሩ ላይ ቆመ። የባሌ ወንድም ጥሩሰው ዘሎ ተነሳ።

«አንተ! ደግሞ ዛሬ ምን ልትፈታ መጣህ?»

ኦኬሎ እኔን እያየ...

«ፖሌ ሳና፣ ማማ ሚዛን» አለ።

ድምፁን አወቅሁት። በስልክ የጠራኝ እሱ ነበር።

ያን ቀን የእገዳ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሲወጣ ነው ባሌን መሬት ላይ ያገኘው። አቅፎ ታክሲ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው።

ያውም ከሥራው ያሳገደውን ሰው!

«አወቀህ?» አልኩት።

«እንጃ... እጄን ይዞ 'ወንድሜ' አለኝ።»

«ግን ለምን አገዱህ?»

«ሪፖርቱ ላይ 'ውኃ' ብዬ ብጽፍ ዋራንቲያችሁ ይሰረዛል። ባባ ሚዛን ደግሞ ማለ። ሁለቱን ጊዜ በእርግጥ አላወቅሁትም ነበር፤ በሦስተኛው ግን እናንተን ላለመጉዳት ደግሜ 'ምክንያቱ አልታወቀም' ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ 'ሦስት ጊዜ ካላወቅህ ሙያውን አታውቅም' አለኝ። ክሱ ሲጨመርበት...»

ወደ ኦቨኑ እያመለከተ እንዲህ አለ፦

«ማማ፣ ውኃው የገባው ከላይ ነው። እንደ ርጭት። ደርቆ ነጭ ነጥብ ነጥብ ሆኗል።»

እንደ ርጭት...

እመቤቴ!

በየወሩ በሃያ አንድ፣ ባንታየሁ ዱቄት ሊገዛ ሲወጣ፣ ኦቨኑን ከማብራቴ በፊት ጠበል እረጨዋለሁ።

ሲበላሽ «ዓይን ነው» ብዬ ጨመርኩበት። በተጠገነ ቁጥር ጨመርኩበት...

«ውኃ አስነክተሻል?» ስባል ትዝ እንኳ አላለኝም። ጠበልን እንደ ውኃ አስቤው አላውቅም ነበር።

ለኦኬሎ ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን...

«እናቴ ካቶሊክ ናት» አለ። «ሬዲዮአችንን እንደዚሁ ገድላዋለች።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

«ሄጄ እውነቱን እናገርልሃለሁ!»

«አይሆንም፣ ማማ። ውኃ ነበረ ካልሽ አውቄ የሐሰት ሪፖርት እንደጻፍኩ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በዚህ ሙያ ማንም አይቀጥረኝም።»

«ዝም ብልስ?»

«ሥራ የማይችል ተብዬ እባረራለሁ።»

ጉዳዩ ማክሰኞ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ ደውሎልኝ «የባልሽን ክስ የምታነሺ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ አምጪ» ብሎኛል።

ብዕር አነሳለሁ... መልሼ አስቀምጣለሁ።

እውነቱ ሰውዬውን ያጠፋዋል። ዝምታዬም ያጠፋዋል። ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ውሸት ብጽፍ ደግሞ በሟች ባሌ ስም መዋሸት ነው።

ወገኖቼ... ሌላውን ውሸታም ከማለታችን በፊት የራሳችንን ቤት እንጠይቅ። በቅን ልብ የሠራነው ስህተትም የሰው እንጀራ ይዘጋል። ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይጠብቀንም።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ወረቀቱ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? እባካችሁ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ፤ እኔ መላው ጠፍቶኛል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባሌ በሐሰት አልማለም። የሚያውቀውን ነው የማለው።

የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው... በጸሎታችሁ አስቡልኝ።