ሁላችንንም ባንዴ የሚይዝ

«ይሄኛው ነው!» ይላል ታላቅ ወንድሜ ጋሽዬ፣ የኮምፒውተር ሱቁ ባንኮኒ ላይ በግራ በኩል ያለውን ላፕቶፕ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «አንድ ቴራ ቦታ! አንድ ቴራ ማለት እኮ እስክታረጂ የማይሞላ ነው።»

ጋሽዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ስልኩ ነጋ ጠባ «ቦታ የለም» እያለ ያሰቃየዋል። የልጆቹን ፎቶ ለማስገባት የመኪናውን ያጠፋል፣ የመኪናውን ለማስገባት ደግሞ የሚስቱን። በዚህም አንድ ሁለቴ ቤት ውስጥ ተኳርፈዋል። ስለዚህ ለሱ ኮምፒውተር ማለት ቦታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የኔ ዓይን የቀኙ ላይ ተተክሏል። ዋጋቸው እኩል ነው። የቀኙ ማከማቻ የግራውን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ሚሞሪው ግን እጥፍ፣ አሥራ ስድስት ጊጋ። ያዋጣነው እኩል ቢሆንም በኛ ቤት የመጨረሻው ቃል የታላቅ ነው፤ እሱ እሺ ካላለ ደግሞ ቅዳሜ እማዬ ፊት ባዶ እጄን መቅረቤ ነው።

ሥራዬ የማስታወቂያ ዜማ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ያ የማያስተኛችሁ የሳሙና ዘፈን የኔ ነው፣ ይቅርታ። ሰሞኑን የያዝኩት ግን የእማዬን ነው። ቅዳሜ ሰባ ዓመት ይሞላታል። ምን እናምጣልሽ ስንላት «ልጆቼን ሁላችሁንም ባንዴ ልስማ» አለች። ልጆቿ ደግሞ በየአገሩ ተበትነናል። ስለዚህ ልጆች ሳለን ስታጥበን የምታንጎራጉረውን ዜማ ሁሉም ካለበት ሆኖ ዘፍኖ ላከልኝ፣ እኔም ፒያኖና ቫዮሊን ጨመርኩበት። አሮጌው ላፕቶፔ ግን አይችለንም። እህቶቼን ስከፍት ወንድሞቼን እዘጋለሁ፤ ቫዮሊኑ ሲመጣ ሁሉም ቀጥ ይላል። አንዱን ከሌላው ማመጣጠን የሚቻለው ደግሞ ሁሉንም አብሮ ሲሰሙ ነው። እኔ የሠራሁትን ዘፈን እኔ ራሴ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም!

«ጋሽዬ፣ እኔን የገደለኝ ቦታ አይደለም፣ ሚሞሪ ነው።»

«ሁለቱም ጊጋ አይደሉ? ጊጋ ጊጋ ነው!»

ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ማከማቻው ዕቃ ቤት ነው፣ ሚሞሪው ሳሎን። ዕቃ ቤትዎ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ ሳሎኑ ከጠበበ እንግዳው የት ይቀመጣል?»

«ተራ በተራ ይገባላ!»

«እሱን እኮ ነው እስከ ዛሬ ሳደርግ የኖርኩት!» እላለሁ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«ደግሞ ቦታ ቢያንስዎት ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ይገዛሉ» ትላለች ሻጯ። «የነዚህ ሚሞሪ ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ በኋላ ልጨምር ቢሉ አይጨመርም።»

ጋሽዬ አገጩን ያካል። በወሬ የሚረታ ሰው አይደለም። «እስቲ ይፈተኑ» ይላል።

ጠዋት ደውዬላት ስለነበር ሻጯ የማቀናበሪያውን ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ጭናዋለች። ፍላሼን የግራው ላይ ሰክቼ ዘፈኑን እከፍታለሁ። ትልቋ እህቴ ትጀምራለች፣ መንትዮቹ ይቀበሏታል፣ ፒያኖው ይከተላል። ጋሽዬ «አላልኩሽም?» ብሎ ሊንጠባረር ሲል ቫዮሊኖቹ ይመጣሉ። ድምፁ ጠ ጠ ጠ ጠ ብሎ ይቆማል።

«ምን ሆነ?»

«እንግዳው ደጅ ቀረ» ትላለች ሻጯ።

አሁን የቀኙ። ትልቋ እህቴ፣ መንትዮቹ፣ ፒያኖው... ቫዮሊኖቹ ገቡ። አይቆምም! ጋሽዬ መኪናው ውስጥ ሆኖ የቀዳው ወፍራም ድምፅ ከሥር ሲነሳ የሱቁ መስታወት ራሱ የሚዘፍን ይመስላል። ስንት ዓመት አብረው ያልበሉ ሰዎች እዚች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ባንድ አፍ ይዘፍናሉ። የስልክ ቻርጀር ሊገዛ የመጣው ሰውዬ የመጣበትን ረስቶ ቆሟል። እኔ እየዘለልኩ ነው። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የተከበረ ሥራ አለኝ፣ ሱቅ መሃል እየዘለልኩ ነው።

ሲያልቅ ጋሽዬ ወደ ጣሪያው ያያል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ጠቅልዪልን» ይላታል ሻጯን። ካርቶኑን ስታነሳ ግን እጁን ይዘረጋል። «ቆይ! አትጠቅልዪው።»

እሱ ጣቶቹን እያጠፈ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥራል።

«እማዬ የወለደችው ዘጠኝ ነው» ይላል። «የሰማሁት ስምንት። ሚጣዬ፣ ያንቺ የታል?»

«የኔ...» እላለሁ። «ላፕቶፑ ሲከብደው መጀመሪያ የማወጣው የኔን ነበር። የእናንተን ማውጣት አልሆነልኝም። ከዚያ ጭራሽ ጠፋብኝ። ግድ የለም፣ አይታወቅም።»

«አይታወቅም? እማዬ እኮ ሁላችሁንም ነው ያለችው!»

«እሺ፣ ቤት ስገባ እቀዳዋለሁ።»

«አሁን!» ይላል ጋሽዬ። «ቦታ... ማለቴ ሚሞሪ ይበቃታል?»

«እንኳን ለሷ ለኔም ይተርፋል» ትላለች ሻጯ። ቬንትሌተሩን አጥፍታ ማይኩን ከፍታልኛለች፤ ቻርጀር ገዢው ኮፍያውን አውልቆ ጥግ ይዟል። ስክሪኑ ላይ ከስምንቱ መስመሮች በታች አንድ ባዶ መስመር ተከፍቷል።

ጋሽዬ የሱቁን በር ዘግቶ ሰፊ ጀርባውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ከውጭ አንድ ሰው ያንኳኳል። ወንድሜ ሳይዞር አንድ ጣቱን ያነሳል።

«አንዴ ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ። እህቴ እየገባች ነው።»