ዝይ የሚፈራው ዘበኛ

ታላቅየዋ ላፕቶፑን ወደ እህቷ ገፋ አደረገችና፣ «ስምሽን ጻፊና ተጫኚው፤ ማንን እንደምትሆኚ እሱ ያወጣልሻል» አለቻት።

ጨዋታው የአፍ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ከብበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ ዳይስ እየጣሉ ታሪክ ያወራሉ። ተራኪያቸው ፋርማሲስቱ ሥራ ተዛውሮ ሊሄድ ነው፤ የዳይሱን ከረጢትና የተራኪነቱን ቦታ ለማን እንደሚያስረክብ ዛሬ ይለያል። ለታናሽየዋ እንደሚሆን ማንም አይጠራጠርም። እሷ እንደሆነች ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ገና አፏን ስትከፍት ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣታል። ታላቅየዋ የምታምረው ኮድ ስትጽፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ያይላታል? በቅናት እርር ድብን ስትል ነው የከረመችው።

ስለዚህ ይህን ሠራች፤ ስም ሲገባለት በዕጣ ገጸ ባሕርይ የሚያወጣ ፕሮግራም። ዕጣ ይባል እንጂ ለሁሉም ዕጣ አይደለም። የእህቷ ስም ሲጻፍ መናኛ መናኛውን፣ የራሷ ሲጻፍ ምርጥ ምርጡን እንዲያወጣ አድርጋዋለች።

ታናሽየዋ ተጫነች።

«ዘበኛ» ብላ አነበበች። «ዕድሜ ስልሳ። ጉልበት ሁለት። መሣሪያ፦ መጥረጊያ። የሚፈራው፦ ዝይ።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «በመጥረጊያ ዘንዶ ልትገድዪ ነው በይና!» አላት ከተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው መካኒክ። የታላቅየዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ታናሽየዋ ግን አልሳቀችም። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ዘበኛ የሆነው ወዶ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ልጁ በዚያ በር እንደወጣ ነው የቀረው። ሲመለስ የሚከፍትለት እንዳያጣ ብሎ ነው። ማለዳ ማለዳ ደጁን የሚጠርገውም የልጁ ዱካ እንዲለይለት ነው። ዝዮቹ ናቸው ጠላቶቹ፤ ይረጋግጡበታላ!»

ሳቁ በየአፉ ቀረ። መካኒኩ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ፋርማሲስቱ ከረጢቱን አነሳ።

«እታለም፣ ዘበኛውን አውቀሽ ነው አይደል ለእኔ ያወጣሽልኝ?» አለች ታናሽየዋ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ። «እኔ የምወደውን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል!»

ታላቅየዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ የራሷን ስም ጻፈችና ተጫነች። የንጉሥ ልጅ። ጉልበት ሃያ። መሣሪያ፦ የነበልባል ሰይፍ። የምትፈራው፦ ምንም።

«እስቲ ንገሪን» አለ ፋርማሲስቱ፣ ከረጢቱን እንደያዘ። «ማን ናት?»

ታላቅየዋ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰይፍ ይዛ የተገተረች ልጅ፣ በቃ። ታናሽየዋ እንደሌላው ጊዜ ቀድማ አልተናገረችላትም። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ምንም አትፈራም የሚለው ውሸት ነው» አለች ታላቅየዋ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ታናሽ እህት አለቻት።»

ፋርማሲስቱ ለታናሽየዋ ሊያሻግር ያነሳውን ከረጢት መልሶ አስቀመጠና ሊሰማት ወንበሩን ጠጋ አደረገ።