ሳንድዊች ለአንድ ሰው

ጋሽ መኩሪያ በስተርጅና የቬትናም ሳንድዊች የለመዱት ልጃቸው ውዳሴ ዞር ብላ ስለማታያቸው ነው ይላል የጎፋ ሰፈር ሰው። ውዳሴ ደግሞ፣ ለቡ ቤቴ ውስጥ ያዘጋጀሁለትን ክፍል አልፈልግም ብሎ እምቢ ያለው እሱ ነው ትላለች። እሳቸውን ለጠየቀ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ለጥርሴ ይስማማኛል።»

የሳንድዊች ቤቱ ባለቤት ሲሃም ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ሙያውን የተማረችው ዱባይ፣ ከአንዲት ቬትናማዊት ጋር ወጥ ቤት ስትሠራ ነው፤ ዳቦው ደረቅ ካልሆነ ዳቦ አይደለም ብላ ታምናለች። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ሳትጠየቅ የጾሙን ሠርታላቸዋለች፤ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ያደረ ካሮት፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ጠርዙን ላንሳልዎት?»

«ተይው። ጥርሴም ሥራ አይፍታ።»

ገና ሁለተኛውን ሳይጎርሱ ውዳሴ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ትገባለች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ትቀመጣለች።

«አባዬ፣ የሰው አፍ ውስጥ ከተትከኝ እኮ። ልጅ የለውም ወይ እየተባለ ነው። ራይድ ውጭ ቆሟል፤ ልብስህን እንያዝና ዛሬውኑ እንሂድ።»

ጋሽ መኩሪያ ያኝካሉ። እውነቱን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ባለቤታቸው ተሾመች ካረፈች በኋላ፣ ሁልጊዜ አብረው ይበሉበት ወደነበረው ምግብ ቤት ብቻቸውን ሄደው ነበር። አስተናጋጁ በልማድ ሰፊውን ትሪ አመጣ። በራሳቸው በኩል ያለውን በሉ። እጃቸው ግን ከመሃል አላልፍ አለ። የእሷ ወገን ሳይነካ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የትም ቢቀመጡ፣ «ሰው ይጠብቃሉ?» ይሏቸዋል። ሲሃም ቤት ይህን የሚጠይቅ የለም። እዚህ ሁሉም የየራሱን ዳቦ ይዞ፣ መንገድ መንገዱን እያየ ይገምጣል።

«ልጆቹም አያታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉኝ ነው» ትላለች ውዳሴ።

«ለፋሲካ አንቺ ዘንድ ሰነበትኩ አይደል?»

«አዎ።»

«ምሳ ከማን ጋር በላሁ?»

ውዳሴ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ እሷና ባሏ ሥራ፣ ልጆቹ ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር ይውሉ ነበር። ሠራተኛዋ ሰሃኑን ከድና ለጋሽ መኩሪያ ክፍላቸው ድረስ ታመጣላቸው ነበር፤ ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ትዘጋው ነበር።

«ሥራ አለብኝ፣ አባዬ» ትላለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«አውቃለሁ። እየወቀስኩሽ አይደለም።»

ውጭ ሹፌሩ ጥሩንባ ያሰማል። ሲሃም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ንጹሑን ጠረጴዛ ደግማ ትወለውላለች። ጋሽ መኩሪያ ጣታቸውን በሶፍት ይጠርጉና የልጃቸውን እጅ ይይዛሉ።

«አልሄድም፣ ውዳሴ» ይላሉ። «ብቻዬን መብላት መልመዴ ካልቀረ፣ በሰፈሬ ልልመደው።»