ጣራ የሚባለው

ተቆጣጣሪው የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ ጣራ አይባልም» አለ። «መመሪያው ጣራ የሚለው ቆርቆሮ የተመታበትን ነው። ጣራ የሌለው ቤት ግንብ ብቻ ነው፤ ግንብ ደግሞ ይፈርሳል። ነገ ከሰዓት እንመጣለን።»

ግንበኛው እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነጋ። ያለ የሌለ ጥሪቱን ግድግዳው በልቶታል። ሦስት ልጆች ይዞ የት ይገባል? ጨነቀው፤ ልጆቹ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ማን እንደጠቆመበት ግን አልጠፋውም። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ታች፣ ብቻውን የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። በአባታቸው ውርስ ከተጣሉ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

«የኔን መፍረስ ካላየ አይተኛም» አለ ለሚስቱ።

ሚስቱ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ወጣች።

ረፋዱ ላይ በጋሪ ቆርቆሮ አስጭና መጣች። ያገለገለ ነው፤ ጠርዙ ዝገት ጀማምሮታል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሰው ነዋ! አሁን የምትጠይቅበት ሰዓት ነው? ውጣና ምታ!»

ወጣና መታ። ሲጣደፍ አውራ ጣቱን ደጋግሞ ቀጠቀጠው። ደግነቱ ሥራው ቶሎ ቶሎ ሄደለት፤ አሮጌው የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ ከማገሩ ጋር ልክክ አለ። እሱ ማገር የሚመታው አባቱ እንዳስተማረው በክንዱ እየለካ እንጂ ሜትር ይዞ አይደለም። አንዳንዴ እግዜርም ያያል፣ አለ በልቡ።

ከላይ ሆኖ ወንድሙን አየው። መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሽቅብ ይመለከታል።

«ያውልሽ! ሊስቅብኝ መጣ!» ብሎ ጮኸ። «ቢሞት አልቀብረውም!»

ከታች ቆርቆሮ የምታቀብለው ሚስቱ እንባዋ መጣ። «ተው፣ እንዲህ አትበል» አለችው።

ወንድምየው ፊቱን አዙሮ ቁልቁል ወረደ። አፍራሾቹን ሊጠራ ነው ብሎ ግንበኛው መዶሻውን አፈጠነ።

የመጨረሻውን ሚስማር ሲመታ ተቆጣጣሪው ዶዘር አስከትሎ ደረሰ። ቤቱን ዞሮ አየ፤ በያዘው ዱላ ቆርቆሮውን ነካ ነካ አደረገ።

«አሁን ጣራ ሆነ» አለ። «ያንተ ተርፏል።»

ግንበኛው ወርዶ መሰላሉ ሥር ዘፍ አለ። ሚስቱ ግን አልተቀመጠችም፤ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

ተቆጣጣሪው ወደ ዶዘሩ ሹፌር ዞረ። «ወደ ታች መልሰው፤ የወንድምየው ቤት ትናንት ጣራ ነበረው፣ ዛሬ ግንቡ ብቻ ነው የቀረው።»