ሐዲዱ ላይ የቆመች መኪና

የአክሊል መኪና የከተማውን ባቡር አስቆመች። በረዶ ጠራጊው መኪና ክምሩን መንገዱ ዳር ጥሎት ስለሄደ፣ አክሊል የሚጠጋበት አጥቶ የግራ ጎማዎቹን ሐዲዱ ላይ አሳርፎ ነበር። ባቡሩ ከኋላ ደወሉን ይደውላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ማራናታ ግን የምታየው መሪውን የጨበጠ እጁን ነበር። ያ እጅ አንዴ እንኳ መሪውን ለቆ የእሷን ቢይዝ፣ ሌላውን ሁሉ ትታገሠው ነበር።

«ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴ ቤት ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ አትልክም?»

«እየጸለይኩበት ነው፣ ማርዬ። ጌታ እስኪናገረኝ ታገሺኝ።»

«እኔን ከተናገረኝ እኮ ሁለት ዓመት አለፈው።»

አክሊል ፈገግ አለ። ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ የባቡሩ ሾፌር ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት እጇን ዘርግታ «ምን ይሻላል?» የምትል ትመስላለች።

«ይኸው፣ አንድ ባቡር ሙሉ ሰው መልስህን እየጠበቀ ነው» አለችው።

እጁ መሪውን ለቀቀና ወደ እሷ መጣ። ማራናታ ቶሎ ብላ ጓንቷን አወለቀች። እጁ ግን ማርሹ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ መኪናዋን ላንሳላቸውና እናወራለን።»

ጓንቷን ሳታጠልቅ እስከ ጉልበቷ የሚደርሰው በረዶ ውስጥ ወረደችና በሩን ዘጋችው።