ባዶ ቤትም ሰላምታ ይፈልጋል

ፈረጅ ከጨፋ ሮቢት የከብት ገበያ ሲመለስ፣ ቤት ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም፣ «አሰላሙ አለይኩም» ሳይል ገብቶ አያውቅም። «ባዶ ቤትም ሰላምታ ይፈልጋል» ይል ነበር። ሚስቱ ዙሀራ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ «ወአለይኩም ሰላም፣ መጣህ ወይ?» ትለዋለች። ቤት ማለት ለሁለቱም ይኸው ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ልጃቸው ጀሚል ከባቲ እየተመላለሰ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገላት፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀባላት። ዙሀራ ልጇን መረቀችው። ግን ከሚሴ ገበያ ውላ ስትገባ ሰላም የሚልም የሚመልስም የለም፤ ቤቱ የሰው ቤት ይመስላታል።

«አብሽሪ» አለቻት ጎረቤቷ ዑሙልኸይር፣ ሀዘኗ አልወጣላት ቢል። «አንቺም እንደሱ ሰላም እያልሽ ግቢ። መላኢካው ይመልስልሻል።»

አንድ ቀን ዙሀራ ከአስር ሶላት በኋላ ሽንኩርቷን ይዛ ከገበያ መጣች። ቁልፉን ከፈተች፤ ጫማዋን እሱ ያወልቅበት ከነበረው ቦታ አወለቀች። ሰው እንዳይሰማት አፍራ፣ በቀስታ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም፣ መጣህ ወይ?»

ከጓዳ ነው። ዙሀራ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ድምፁን አወቀችው። የፈረጅ አይደለም። የገዛ ራሷ ድምፅ ነው፤ ያኔ ባሏ በሕይወት ሳለ እንደነበረው፣ ሀዘን ያልነካው።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ተንኳኳ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ዙሀራ ከውስጥ። «ግባ እንጂ ፈረጅ፣ ቤትህ አይደል?»